ሥዕሉን ሳይሆን ምንጩን ማስቀመጥ፦ ከአንድ ጽሑፍ ለየመድረሻው የሚስማማ ሥዕላዊ መግለጫ ስለማውጣት



የዛሬው ርእሴ ሲታይ ትንሽ ነው። በተራ ጽሑፍ ካዘጋጀነው አንድ ፋይል የሚታተም ወረቀትና ድረ ገጽ ስናወጣ፣ በውስጡ ያሉት ግራፎችና ንድፎች በምን ቅርጸት ይውጡ የሚል ነው። ይህ ትንሽ የሚመስል ጥያቄ ግን አንድ ጊዜ በሰው ፊት አሳፍሮኛልና ከዚያው ልጀምር።

ተማሪ ሳለሁ በመመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለውን የዝናብ መጠን የሚያሳይ ግራፍ ነበረኝ። ሥዕሉን ለስክሪን ብዬ በ600 ፒክስል ስፋት ሠራሁት። በስክሪን ጥርት ብሎ ይታይ የነበረው ግራፍ በወረቀት ሲታተም ፊደላቱ ደበዘዙ። ምክንያቱ ቀላል ስሌት ነው፤ 600 ፒክስል በ15 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች የሚደርሰው 100 ገደማ ብቻ ነው፤ ለጥሩ ኅትመት በተለምዶ የሚጠየቀው ግን 300 ነው። ስለዚህ ለኅትመት የሚሆን ሌላ ሥዕል በችኮላ ሠራሁ። በመካከሉ የአንዱን ወር መጠን አሳስቼ መመዝገቤን አይቼ አረምሁ፤ እርማቱ ግን በአዲሱ ሥዕል ላይ ብቻ ቀረ። ጽሑፉን በተከላከልሁበት ዕለት አንድ ፈታኝ የወረቀቱንና የስክሪኑን ግራፍ አስተያይተው፣ «ከሁለቱ እውነተኛው የትኛው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

በኋላ እንደተረዳሁት ጥፋቴ የሥዕሉ መደብዘዝ አልነበረም፤ ሁለቱ ሥዕሎች የጋራ ምንጭ አለመኖራቸው ነበር። መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል። በሰነዳችን ውስጥ ማስቀመጥ ያለብን የተጠናቀቀውን ሥዕል ሳይሆን መረጃውንና ሥዕሉን የሚሠራውን ትእዛዝ ነው። ሥዕሉ ሰነዱ በሚወጣበት ጊዜ፣ ለሚሄድበት ስፍራ በሚስማማው ቅርጸት ይወለድ።

ታዲያ አንድ ቅርጸት ለሁሉም ስለምን አይበቃም? ፒኤንጂ ሥዕልን በፒክስል ስለሚመዘግብ ከተወሰነ መጠን በላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል። ኤስቪጂና ፒዲኤፍ ግን መስመርንና ቅርጽን በስሌት መመዝገብ ስለሚችሉ የቱንም ያህል ቢሰፉ ጥራታቸው አይጓደልም። ሆኖም ብራውዘር ኤስቪጂን በቀጥታ ሲያሳይ፣ ፒዲኤፍላቴክ ኤስቪጂን በቀጥታ አይቀበልም፤ እርሱ የሚፈልገው ፒዲኤፍ፣ ፒኤንጂ ወይም ጄፔግ ነው።

ይህን ምርጫ ለመሣሪያው መተው ይቻላል። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርስተን ዶሚኒክ በ2003 የጀመሩት የኢማክሱ ኦርግ ሞድ፣ በጽሑፉ መካከል ኮድ እንድናስገባና ውጤቱ የሚቀመጥበትን ፋይል በኮዱ ራስጌ ላይ እንድንሰይም ያስችለናል። ያ ስም የማይለወጥ መሆን የለበትም። በስሙ ቦታ አጭር የሊስፕ መግለጫ ቢቀመጥ፣ ሰነዱ ወዴት እየወጣ እንደሆነ በዚያው ቅጽበት ይጠይቃል፤ ወደ ላቴክ ከሆነ በፒዲኤፍ፣ ካልሆነ በኤስቪጂ የሚያልቅ ስም ይመልሳል። ኦርግ ሞድ ለግራፍቪዝና ለግኑፕሎት የስሙን መጨረሻ አይቶ ቅርጸቱን ይነግራቸዋል።

የፍልስፍና መምህሩ ጆን ማክፋርሌን በ2006 ያወጡት ፓንዶክ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። በማርክዳውን ጽሑፍ ውስጥ የሥዕሉን ስም ያለ ቅጥያ ጽፈን፣ ቅጥያውን በማውጫው ትእዛዝ ላይ እንሰጠዋለን። ልብ በሉ፤ ይህ መንገድ ከተዘጋጁት ሥዕሎች አንዱን ይመርጣል እንጂ ሥዕሉን አይሠራም። ሁለቱንም ከአንድ መረጃ የሚሠራ እንደ ሜክ ያለ መሣሪያ ካልታከለበት የእኔ ስሕተት ሊደገም ይችላል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ሰነድ ሲወጣ ኮድ ይሠራል ማለት ነው። ኦርግ ሞድ አስቀድሞ ፈቃድ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም፤ ከሌላ ሰው የመጣን ሰነድ ሳታነቡ አትፍቀዱ። በራሳችሁ ሰነድ ላይ ከከለከላችሁት ደግሞ የቀድሞው ሥዕል እንዳለ ሊቀር እንደሚችል አትዘንጉ።

ሁለተኛው ፊደላችንን ይመለከታል። የኢትዮጵያ ፊደል ከ1999 ጀምሮ፣ ከሦስተኛው እትም አንሥቶ፣ በዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ፎንቱ ግን በየመሣሪያው ሁሉ አለ ማለት አይደለም። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ሊይዝ ሲችል፣ በሥዕልነት ድረ ገጽ ውስጥ የገባ ኤስቪጂ የገጹን ፎንት አይወርስም። ስለዚህ በአንባቢው ዘንድ «መስከረም» ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ሊታይ ይችላል። ፊደላቱን ወደ ቅርጽ መለወጥ ይህን ያስቀራል፤ ዋጋው ግን በሥዕሉ ውስጥ ያለው ቃል የማይፈለግና ለዓይነ ስውራን በሚያነብ ፕሮግራም የማይነበብ መሆኑ ነው። እኔ ፊደላቱን ወደ ቅርጽ ለውጬ፣ ከሥዕሉ ጋር የተሟላ የጽሑፍ መግለጫ ማያያዝን እመርጣለሁ።

በመጨረሻ አንድ ፈተና ልስጣችሁ። ጽሑፋችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ከመረጃው አንዲት ቁጥር ለውጡ፤ ሰነዱንም ለወረቀትና ለድረ ገጽ አውጡ። ግራፉ በሁለቱም ላይ ከተለወጠ ቁጥሯን ወደ ትክክለኛ ስፍራዋ መልሱና በሰላም አስረክቡ። በአንዱ ብቻ ከተለወጠ ግን የፈታኙ ጥያቄ እናንተንም እየጠበቃችሁ ነው።