«ከዘመዶቻችን የታመመ አለ፤ እንውለድ ወይ?»



በጎንደርም ሆነ በዳባትና በደባርቅ ሽማግሌ ሲላክ ዘር ይቆጠራል። «እብድ አለባቸው ወይ?» የሚለውም በሹክሹክታ ይጠየቃል። ከጋብቻ በኋላ ጥያቄው ወደ ጓዳችሁ ይገባል፤ ወንድሜ ታሟል፣ ልጄስ?

ስኪዞፍሬኒያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም በዘር የመሄድ ጠባይ እንዳለው አንክድም። ሆኖም አንዱ ወላጅ ቢታመም እንኳ ከ10 ልጆች 9 ያህሉ አይታመሙም። የታመመው አጎት ወይም አክስት ከሆነ ደግሞ ስጋቱ ከዚህም በጣም ያንሳል። ሕመሙን የሚያመጣው አንድ ዘረ መል አይደለም፤ ብዙዎች ከኑሮ ችግር ጋር ተደማምረው ነው። ስለዚህ «ይህ ልጅ ይታመማል» ብሎ አስቀድሞ የሚናገር የደም ምርመራ የለም።

እንዲህ ያለው ጥናት ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው የተካሄደው በአውሮፓ ተወላጆች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር ኒውሮጋፕ-ሳይኮሲስ በተባለው ጥናት ከሕሙማንና ከጤነኞች ምራቅ ሰብስበዋል። ምራቅ ብቻ ነው፤ መርፌ እንኳ የለውም!

እናት ሆይ፣ ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ከማርገዝሽ በፊት ለሐኪም ንገሪ። እንደ ቫልፕሮኤት ያለው ጽንስ ይጎዳል፤ ሐኪሙ በሌላ ሊተካልሽ ይችላል። እስከዚያ የወሊድ መከላከያ ተጠቀሚ፤ መድኃኒቱን ግን በራስሽ አታቋርጪ።