ከመፍረድ በፊት መመርመር

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያደረገው ንግግር



ዛሬ በዚህ የደስታ ቀን በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስዊች ስለምትባል አንዲት ትንሽ ሣጥን ነው። መጠኗ ከአንድ ደብተር ባይበልጥም በቤታችን ልታደርሰው የነበረው በደል ግን ትንሽ አልነበረም። ይህንንም የምናገረው በአባቴ ፈቃድ ነው።

ስዊች ማለት ከራውተር የሚመጣውን የኢንተርኔት መስመር በኬብል ለየኮምፒዩተሩ የምታከፋፍል መሣሪያ ናት። ሥራዋን ለመረዳት የአዳማ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ምድር ባቡር በከተማችን ያልፍ ነበር፤ በየጣቢያውም ባቡሩን ወደሚሄድበት ሐዲድ የሚመራ መቀያየሪያ ነበረ። ስዊችም እንደዚሁ በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ያለውን አድራሻ እያነበበች፣ የትኛው ኮምፒዩተር በየትኛው ቀዳዳ እንደ ተሰካ እያስታወሰች፣ መልእክቱን ወደ ባለቤቱ ትመራዋለች።

በእኛ ቤት መስመሩ ለሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ለእኔና ለእኅቴ ጥናት፣ አንዱ ለአባቴ ሥራ፣ አንዱም በሰርቪስ ቤት ለሚኖረው ተከራያችን ነው። ባለፈው ሚያዝያ መስመሩ ይቋረጥ ጀመር። አባቴም «ይህ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም እያወረደ መስመሩን ጨረሰው፤ ወሩ ሲያልቅ ቤቱን ይልቀቅ» ብሎ ቈረጠ። እኔም ሳልመረምር ደገፍሁት። ተከራያችን ግን ለታናናሾቹ ገንዘብ የሚልክ፣ ጨዋ የሒሳብ ሠራተኛ ነው። እናቴም «የሰው ልጅ ከምታስወጡ አስቀድማችሁ ዕቃውን አታዩትም ወይ?» ብትል አፈርሁና ደብተር ይዤ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ መስመሩ የሚቋረጥበትን ሰዓት ለሦስት ቀን ጻፍሁ። ሁሉም ለማለት ይቻላል ከቀኑ ሰባት እስከ አሥር ሰዓት ነበር፤ በዚያ ሰዓት ተከራያችን ኮምፒዩተሩን ይዞ በሥራ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የራሴን ኮምፒዩተር በቀጥታ ከራውተሩ ጋር አገናኘሁት፤ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ስለዚህ ጥፋቱ ከውጭ የሚመጣው መስመር አለመሆኑን ዐወቅሁ። ሦስተኛ፣ ወደ ስዊቿ መልሼ ኬብሉን፣ ቀጥሎም ቀዳዳውን ለወጥሁ፤ ምንም አልተሻለም። አራተኛ፣ መብራቶቿን ተቀምጬ ጠበቅሁ። የአንዱ ቀዳዳ መብራት ብቻ ቢጠፋ ኬብሉን ወይም ቀዳዳውን በጠረጠርሁ ነበር። ነገር ግን የቤቱ መብራት ሳይጠፋ የስዊቿ ሁሉም በአንድነት ጠፍተው በአንድነት በሩ። ይህም ስዊቿ በቂ ኃይል እንዳላገኘች የሚያመለክት ነው።

ስዊቿ ከነአዳፕተሯ የተቀመጠችው በቁም ሣጥን ራስ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ነበር። የስምጥ ሸለቆን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ምን ዓይነት ሙቀት እንዳለ ያውቃል። አዳፕተሩን ብነካው እጅ ያቃጥላል፤ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችም በሙቀት ቶሎ ያረጃሉ። ሁለቱንም ወደ ታች ባወርዳቸው መቋረጡ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። ከዚያም ቮልቱ እኩል የሆነ፣ አምፔሩም የማያንስ ሌላ አዳፕተር ብለውጥ ፈጽሞ ቆመ።

ጓደኞቼ ሆይ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ነገር በአንድነት የለወጠ ሰው የትኛው እንደ ጠቀመው አያውቅም። ደግሞም የአንድ ኬብል ሁለቱን ጫፍ በአንዲት ስዊች ላይ እንዳትሰኩ ተጠንቀቁ፤ መልእክቱ መውጫ አጥቶ እየተሽከረከረ የቤቱን መስመር በሙሉ ሊያውከው ይችላል።

በእሑድ ቀን ቡና ሲፈላ አባቴ ተከራያችንን ጠርቶ በሁላችን ፊት «ልጄ፣ ሳላጣራ ጠርጥሬሃለሁና ይቅር በለኝ» አለው። እርሱም «ጋሼ፣ ይህስ ምንም አይደል» ብሎ ስኒውን ተቀበለ። ከሁሉ ይልቅ ያፈርሁት ግን እኔ ነበርሁ። መምህራኖቻችን የአንድን ነገር ምክንያት ለማወቅ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ማቆየት እንደሚገባ በቤተ ሙከራ አስተምረውኛል፤ እኔ ግን ትምህርቱን እዚያው ትቼው ወደ ቤቴ ገብቼ ነበር።

የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ያለ ጥፋቱ ከቤት የወጣ ሰው ግን በቀላሉ አይመለስም። ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ የምንይዘው ዕውቀት ዕቃ ለመጠገን ብቻ ሳይሆን በሰው ላይ በትክክል ለመፍረድም ይሁንልን።