አቆስጣ ማረፊያውን እንዴት ይመርጣል?



አቆስጣ በአገራችን የለም፤ ስሙን ግን በኦሪት የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ዓሣ እየበላ በባሕር ይኖራል እንጂ ዓሣ አይደለም። እንደ በግ ይወልዳል፣ ያጠባል፣ አየር ይተነፍሳል። በውኃ ውስጥ ፈጣን ነው፤ በየብስ ግን በሆዱ እየተሳበ ነው የሚሄደው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለማረፍ፣ ለማጥባትና ጠጉሩን ለመለወጥ ወደ የብስ ይወጣል። እዚያ ደግሞ መሮጥ አይችልም። ታዲያ የት ይረፍ?

በሆላንድ፣ በጀርመንና በዴንማርክ ዳርቻ ዋደን የሚባል ጥልቀት የሌለው ባሕር አለ። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በተለይ ጨረቃ ናት የምትስበው። ሲሸሽ የአሸዋ ጉብታ ብቅ ይላል፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ይሰጥማል። አቆስጣው የሚተኛው በዚህ ጉብታ ላይ ነው። ዙሪያው ውኃ ስለሆነ ሰውና ውሻ በቀላሉ አይደርሱበትም።

ሁሉም ጉብታ ግን አይሆነውም። ጥልቅ ውኃ አጠገቡ ያለውን፣ ዳሩ ተዳፋት የሆነውን ይመርጣል፤ ጠላት ሲመጣ ቶሎ ለመግባት ነው። የተመቸው ቦታ ላይ በየዓመቱ ይመለሳል። ብቻውን የተኛ በየጊዜው ቀና እያለ ዙሪያውን ያያል፤ በርካታ ሲሆኑ ግን እያንዳንዱ የሚያየው ጥቂት ጊዜ ነው። አንዱ ከደነገጠ ሌላው ይነቃላ! ማሳ በጋራ እንደ መጠበቅ ማለት ነው። ሆኖም መነካካት አይወዱም፤ በጣም የተጠጋውን ይመቱታል።

ግልገሉ የሚወለደው በሰኔና በሐምሌ ነው፤ ወደ 10 ኪሎ ይመዝናል። ውኃው ሲመለስ መኝታው ይሰጥማልና በተወለደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ መዋኘት አለበት። ደግነቱ ይችላል። የሚጠባው ከ3 እስከ 4 ሳምንት ብቻ ነው። የእናቱ ወተት ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ በብዛት የሚጠባውም ጉብታው ከውኃ በላይ ሳለ ነው። እንግዲህ ጀልባ ተጠግቶ ቢያስደነግጣቸው ተንጋግተው ይገባሉ፤ ግልገሉ ሳይጠባ ቀረ። ይህ ከተደጋገመ ሳይሰባ ጡት ይጥላል። እናትና ልጅ በጠረንና በድምፅ ቢተዋወቁም በትርምሱ ሊጠፋፉ ይችላሉ። ጀርመኖች እናቱን አጥቶ የሚጮኸውን ግልገል «ሆይለር» ይሉታል፤ አልቃሽ ማለት ነው።

ሆላንድ አቆስጣ ማደንን በፈረንጅ 1962 ከለከለች። ጀርመንና ዴንማርክም በ1970ዎቹ ተከተሉ። ዛሬ በመውለጃው ወቅት አንዳንድ ጉብታዎች ለሰው ይዘጋሉ። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን በደግ ልብ የሚደረገው ጥፋት ነው። እናት ዓሣ ልትይዝ ስትሄድ ግልገሉ ለብቻው ይተኛል። መንገደኛው «እናት የለውም» ብሎ አጠገቡ ይቆማል፤ አንዳንዱም ያነሳዋል። ሰው እዚያ እስካለ ድረስ ግን እናቱ ፈርታ አትወጣም።