ባለፈው ስብሰባ ስለተነበበው ግጥም



ባለፈው ስብሰባ አንዲት የቡሬ አባላችን ግጥም አንብባልን ነበር። ሃይማኖቷን በመለወጧ ቤተሰቧ ያገለላት ልጅ ከእናቷ ደጅ ቆማ ስትመለስ የሚያሳይ ነው። ብዙዎቻችን አልቅሰናል። አንድ ነገር ግን ከነከነን፤ ግጥሙ የከሰሰው እናትየዋን ብቻ ነው።

እኛ እነዚያን እናቶች እናውቃቸዋለን። በገጠሩ ሴት ስትወልድ ገንፎ የሚያገነፉላት ጎረቤቶቿ፣ ስትሞት የሚቀብሯት እድርተኞቿ ናቸው፤ የጽዋ ማኅበሩም አለ። ልጇ «ጴንጤ ሆነች» ሲባል ለልጇ ነፍስ መጨነቋ እንዳለ ሆኖ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳት ነገ ደጇን የሚረግጥ ሰው ማጣቱ ነው። ሰሐን መለየቱ፣ በበዓል አለመጥራቱ ከዚያ ይከተላል። ጥፋት የለባትም ማለታችን አይደለም።

ስለ ሕጉም ስለምትጠይቁን በአጭሩ እንንገራችሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንም ሰው በእምነቱ እንዳይገደድ ይከለክላል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ወላጅ ልጁን ከውርስ የሚነቅለው ምክንያቱን በኑዛዜው ላይ ሲገልጽ ነው፤ ምክንያቱን ዳኛ ይመረምረዋል። «ልጄ አይደለችም» ብሎ መናገር ብቻውን ከውርስ አያወጣትም። ከአንድ መሶብ አብረው እንዲበሉ ግን ሕግ ማንንም አያዝም።

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ እንምጣ። የሃይማኖት ዓምድ የለውም፤ በዚህ ስንኮራ ኖረናል። አምና ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለ ቀበሌ የአንዲት አባላችን እናት አረፉ። ዘመዶቿ ለቅሶው ድንኳን እንዳትገባ ስለከለከሏት ጎረቤት ቤት ተቀምጣ አለቀሰች። እኛ የለቅሶውን ገንዘብ በሰው ላክን። ወጪው ተመዝግቧል፣ ደረሰኙም አለ፣ ሂሳቡ ሲመረመር አንድም ጉድለት አልተገኘበትም። አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ግን ከመካከላችን አልነበረም። የዘመዶቿን ዓይን ፈርተን ነው የቀረነው። በሳምንቱ ቁጠባዋን ይዛ መጣች። ስለዚያ ቀን አላነሳችም፤ እኛም አላነሳንም።

የመተዳደሪያ ደንባችን ስለ ለቅሶ የሚለው ገንዘብ እንዲሰጥ ብቻ ነው። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ አንድ ማሻሻያ እናቀርባለን፦ ሦስት አባላት ለሦስት ቀን ሐዘንተኛዋ ባለችበት ይቀመጡ። ድንኳን ካስገቧት በድንኳኑ፣ ካላስገቧት በጎረቤት ቤት። የመኪና ወጪው ከመጠባበቂያው ይሸፈናል፤ አስልተነዋል፣ ይበቃል። የምትቃወሙ ካላችሁ እዚያው ተነስታችሁ ተናገሩ።

የእህታችንን ስም እዚህ አንጠራም። ይቅርታውን ቤቷ ሄደን እንጠይቃታለን።