ጥቁር እንጨትና የአባቶች ሌሊት

እሷ፦ ሌሊት እየተመላለሱ ለሽንት የሚነሱ አባቶች «እርጅና ነው» ብለው ዝም ይላሉ። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ደግሞ የሳው ፓልሜቶ እንክብል ይዞላቸው ይመጣል።

እሱ፦ የፍሎሪዳ ዘንባባ ፍሬ ነው። ምን ያደርጋል! እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት 369 ወንዶች ላይ፣ መጠኑን እስከ ሦስት እጥፍ ከፍ አድርጎ ሞከረው፤ መድኃኒት ከሌለበት እንክብል አልበለጠም።

እሷ፦ የእኛስ ጥቁር እንጨት?

እሱ፦ እሱ ትንሽ ይሻላል። ከቅርፊቱ የሚወጣው ንጥር በአውሮፓ ለዓመታት ተሽጧል፤ የሌሊቱን መነሳት እንደቀነሰ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። አብዛኞቹ ግን ትንንሽና አጫጭር ናቸው።

እሷ፦ ታዲያ ቅርፊቱን ልጦ መቀቀል ነዋ!

እሱ፦ ኧረ ተይ! የተጠናው መጠኑ የታወቀ ምርት እንጂ የድስት ቅቅል አይደለም። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍም ይደርቃል፤ ዓለም አቀፍ ንግዱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር ሥር የዋለው ለዚህ ነው።

እሷ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ደም እየሸና፣ ወይ ሽንቱ ጭራሽ እምቢ ብሎት፣ እንክብል እየዋጠ የሚጠብቀው ሰው ነው።

እሱ፦ እሱማ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት! የሌላውም ቢሆን የፕሮስቴት እጢው ይታይ፤ ታምሱሎሲንን የመሰለ መድኃኒት እኮ ብዙውን ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያቀልለታል።