አፈር ያማራት ነፍሰ ጡር

አቅራቢ 1፦ በወለጋ፣ ነቀምቴም ሆነ ጊምቢ፣ ነፍሰ ጡር ሴት አፈር ስታምራት «አምሮት ነው፣ ያልፋል» ትባላለች።

አቅራቢ 2፦ ሕክምናው ግን ፒካ ይለዋል። ምግብ ያልሆነ ነገር ቢያንስ ለ1 ወር ደጋግሞ መብላት ነው። የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከአመጋገብ መዛባት ሕመሞች ጋር መድቦታል።

አቅራቢ 1፦ መነሻውስ ምንድን ነው?

አቅራቢ 2፦ ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረትና ከደም ማነስ ጋር ተያይዞ ይገኛል። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ከግድግዳ የተፈረፈረች ጣት የምታክል ጭቃ ደግሞ የወስፋት እንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ ሸክላማ አፈርም ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል።

አቅራቢ 1፦ ወለጋ የቡና አገር ነው። ምግብ እንደተበላ የሚጠጣው ቡናስ?

አቅራቢ 2፦ እሱም የብረቱን መመጠጥ ይቀንሳል፤ አንድ ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ይሻላል።

አቅራቢ 1፦ እናቶች ሆይ፣ አፈር ካማራችሁ ሳታፍሩ ለአዋላጅ ነርሷ ንገሩ።

አቅራቢ 2፦ ደማችሁም ይመርመር። ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች፣ በእርግዝናው መካከለኛ ሦስት ወራት ደግሞ ከ10.5 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። በክትትል የሚሰጣችሁን የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ ውሰዱ።