የማን ልጅ ነህ? ወይስ የት ትኖራለህ?

(በሐዋሳ ፒያሳ ለከተማው ወጣቶችና ነጋዴዎች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



አባቶቻችን ከአገሩ የወጣ ሰው ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ነው ይላሉ። ስደተኛ አፍ የለውም፣ የታዘዘውን ተሸክሞ ያድራል ማለታቸው ነው። ዛሬ የማነሣላችሁ ሰው ግን ከአገሩ ወጥቶ ሕግ አውጪ የሆነ ነው። ያውም ከወንበሩ የወረደ! እኔ የምፈልገው አወጣጡንም አወራረዱንም ነው፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማውራት ግማሽ እውነት ይሆናል።

አቶ አሌክሳንደር አሰፋ ይባላሉ። ኢትዮጵያ ተወልደው፣ በስደት አሜሪካ ገብተው ላስ ቬጋስ የከተሙ ሰው ናቸው። ላስ ቬጋስን ብዙዎቻችን የምናውቃት በቁማር ቤቶቿ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ እየነዳ፣ ሆቴል እያጸዳ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ የሐበሻ ልጅ ግን እዚያ ሞልቷል። አቶ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 በዴሞክራቲክ ፓርቲ ስም ተወዳድረው ለኔቫዳ ግዛት የታችኛው ምክር ቤት ተመረጡ። በ2020ም ሕዝቡ መልሶ መረጣቸው። ምክር ቤቱ 42 መቀመጫ አለው፤ በየሁለት ዓመቱ ተሰብስቦ በ120 ቀን ውስጥ የግዛቱን በጀት፣ ግብር፣ ትምህርት ቤትና ወንጀል የሚመለከት ሕግ ያወጣል። እዚያ ወንበር ላይ በመቀመጥ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሳቸው ናቸው።

ታዲያ ይኼ ሰው ለመወዳደር ምን ተጠየቀ? ዜግነት፣ ዕድሜና የመኖሪያ አድራሻ። አለቀ! አያትህ ማን ነው አልተባለም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን በትውልድ አሜሪካዊ መሆን ያስፈልጋል፤ ለግዛት ምክር ቤት ግን ከውጭ መጥቶ ዜግነት ያገኘም መወዳደር ይችላል። አቶ ኦባላ ኦባላን ውሰዱ። በ1996 ዓ.ም. በጋምቤላ በአኝዋኮች ላይ ከደረሰው ጭፍጨፋ ሸሽተው በኬንያ መጠለያ ካምፕ አሳለፉ። የአሜሪካ ዜግነታቸውን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2019 አገኙ፤ ዓመት ሳይሞላቸው በኖቬምበር 2020 ሚኒሶታ ውስጥ የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። በአገሩ በብሔሩ ምክንያት የተሳደደ ሰው፣ በሰው አገር በአድራሻው ተመረጠ። ይኼ አያሳፍርም ወይ?

አሁን ወደ አወራረዱ። አቶ አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 ከምክር ቤቱ ለቀቁ። በጊዜው እንደተዘገበው ፖሊስ በሁለት ነገር ይመረምራቸው ነበር፦ አንደኛው የምርጫ ዘመቻ ገንዘብ አጠቃቀም፣ ሁለተኛው በእርግጥ በመረጣቸው ወረዳ ይኖራሉ ወይ የሚል ነው። ጥፋተኝነትን የሚወስን ፍርድ ቤት ነውና እኔ ዳኛ አልሆንም። ነገር ግን ልብ በሉ! ያስገባቸው ጥያቄ «የት ትኖራለህ?» የሚል ነበር፤ ያስጨነቃቸውም ያው ጥያቄ ሆነ። ሕጉ ሲገቡ ስደተኛ ናቸው ብሎ አልከለከላቸውም፤ ሲጠረጠሩም የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው ብሎ አልራራላቸውም። የተጠየቁትም እርሳቸው እንጂ ሐበሻ በሙሉ አይደለም። ወንበሩም የሐበሻ ርስት አልሆነም፤ የካውንቲው ኮሚሽን ሌላ ሰው ሾመበት፣ ሥራው ቀጠለ። የእኛ አገር ሹም ሲጠየቅ ብሔሩን ነው የሚጠራው። «ሕዝቤን ነኩት» ይላል፤ የነኩት ግን ኪሱን ነው።

አሜሪካን መልአክ ለማድረግ አልመጣሁም። በዚያው አገር ጥቁሩ ሰው እ.ኤ.አ. እስከ 1965 በብዙ ቦታ የማንበብና የመጻፍ ፈተና እየተባለ ከምርጫ ሣጥን ይባረር ነበር። ሕጉ የተለወጠው ደም ፈሶበት ነው። እንግዲህ የእነሱ ሕግ ከሰማይ አልወረደም፤ እኛም ብንታገል እናገኘዋለን ማለት ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በፈለገው የአገሪቱ ክፍል ይኑር ይላል። በአንቀጽ 38 ደግሞ በብሔርም በቋንቋም ሳይለይ ይምረጥ፣ ይመረጥ ይላል። ወረቀቱ ያማረ ነው። በ1992ቱ ምርጫ ግን ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ውስጥ ከሌላ አካባቢ የመጡ ዕጩዎች «የበርታን ቋንቋ አታውቁም» ተብለው ከውድድር ወጡ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ እኮ አማርኛ ነው! አቤቱታው ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ የክልሉን የሥራ ቋንቋ ማወቅ ይበቃል የሚል ውሳኔ የተሰጠው በ1995 ዓ.ም. ነው። ምርጫው ካለፈ ከሦስት ዓመት በኋላ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ አይደለም?

በሌላ በኩል ቆሞ የሚከራከረኝ አለ፤ እሱንም እሰማዋለሁ። «ለዘመናት በማናውቀው ቋንቋ ተዳኘን፣ ተገዛን፤ ዛሬ በገዛ መሬታችን ብዙ ሆኖ የመጣው ድምፃችንን ይዋጠው እንዴ?» ይላል። ይኼ ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ እውነተኛ ታሪክ አለው። ስለዚህ የሕዝቡን ቋንቋ ዕወቅ ቢባል ተገቢ ነው። ቋንቋ ግን ይማሩታል። ትውልድ አይማሩትም። ሰውየው ተምሮ ሊያሟላው በሚችለው መመዘኛ ብትፈትኑት ሕግ ነው፤ በማይለውጠው ደሙ ብትፈትኑት በር መዝጋት ነው።

ሐዋሳ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ከተማዋ በሲዳማ ምድር ላይ ከተቆረቆረች ጀምሮ ከወላይታው፣ ከጉራጌው፣ ከአማራው፣ ከኦሮሞው፣ ከከምባታው የመጣ ሰው ሱቅ ከፍቶ፣ ቤት ሠርቶ፣ ተጋብቶ ወልዶባታል። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚህችው ከተማ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ሕይወት አጥፍቷል፣ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ሲዳማ በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ በዚያው ዓመት ክልል ሆነ። የጠየቀውን መብት አገኘ፤ ማግኘቱም ደግ ነው። መብት ያገኘ ሕዝብ ግን ከዚያ በኋላ የሚመዘነው አብሮት ለሚኖረው በሚሰጠው መብት ነው።

ለውጭ አገር ዘመዶቻችንም አንድ ቃል። የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ትውልደ ኢትዮጵያዊ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ቢጫ ካርድ ያገኛል፤ በኢንቨስትመንት ይገባል፣ ያለ ቪዛ ይመላለሳል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ይሁን፣ የዜግነት ነገር ነው። ነገር ግን ዜግነቱን ሳይለቅ ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ስለሄደው ምን እንላለን? ግብር ሲከፍል ነዋሪ፣ ወንበር ሲጠይቅ መጤ! ይኼ ሰውዬ ቢጫ ካርድ እንኳ የለውም እኮ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ዕጩው ደጃችሁ ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት። የት ትኖራለህ? ቋንቋችንን ታውቃለህ፣ ካላወቅህስ እየተማርክ ነው? የምርጫ ገንዘብህ ከየት መጥቶ ወዴት ሄደ? መልስ ካለው ምረጡት፤ ከሌለው የእናታችሁ ልጅም ቢሆን ተዉት። በውድድሩ ያልፈራ፣ ሲጠየቅም ከብሔሩ ጀርባ የማይደበቅ ተመራጭ የምናገኘው ያኔ ነው።